እቁብ፣ እድር፣ ኅብረት ሥራ፣ ሲቪክ ማኅበር ወይስ ኩባንያ? በጋራ ለመሥራት የሚያዋጣውን መምረጫ

"ተሰብስበን አንድ ነገር ብንሠራስ?" የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ጎረቤታሞች መንገዳቸውን ጠጠር ሊያለብሱ ይፈልጋሉ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች ብር አጠራቅመው ሚኒባስ ሊገዙ ያስባሉ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች፣ ግማሾቹ ዋሽንግተን ግማሾቹ ዱባይ ሆነው፣ ለድሮ ትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ሊሠሩ ይነሳሉ። ነገሩ የሚወሳሰበው "በምን እንደራጅ?" ሲባል ነው። አንዱ እድር ይላል። ሌላው ኅብረት ሥራ ይላል። ትንሽ ሕግ የቀመሰው ደግሞ "ፒኤልሲ እናውጣ" ይላል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማለቱ ነው። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ይፈጅና ለሚቀጥለው እሁድ ይቀጠራል።

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የወረቀት ጣጣ አድርጎ ነው የሚያየው። "ዋናው መስማማታችን ነው፣ ወረቀቱ ይደርሳል" ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የምትመርጡት አደረጃጀት ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያዝ፣ ማን ሾልኮ እንደሚያመልጥ ከመጀመሪያው ቀን ይወስናል። የእድር ክፍያውን ቀን ሳያሳልፍ የሚከፍል ሰው የኮንዶሚኒየሙን የጥበቃ መዋጮ ለወራት ሲያዘገይ አይታችሁ ይሆናል። ጠባዩ አልተቀየረም። ሁለቱ ቦታዎች ላይ የሚጠብቀው ነገር ነው የተለያየው።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛ እናውጣ።

መመዘኛ አንድ፦ ያልከፈለ ሰው ምን ይሆናል?

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። መንገዱ ጠጠር ከለበሰ ያልከፈለውም ይሄድበታል። የጥበቃ ሠራተኛ ከተቀጠረ ያልከፈለው ቤትም ይጠበቃል። እንዲህ ከሆነ ለምን ይከፍላል? በጋራ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

የመንዝ ጓሳን ነገር እንይ። ሰሜን ሸዋ ያለው ይህ ደጋ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳ ሣር የአካባቢው ገበሬ ለዘመናት በደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። በተዘጋበት ጊዜ ገብቶ ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ይቀጣል። ጠባቂ መሪዎቹን የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ነበሩ። የመጠቀም መብቱ ደግሞ ከርስት ጋር የተያያዘ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው የጥበቃ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። ማን ይዘጋል፣ ማን ይከፍታል፣ ማን ይቀጣል የሚለው መልስ አጣ። ሁሉም እንደፈለገ መግባት ጀመረ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ነዋሪው በአዲስ መልክ ምክር ቤት አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ መጠበቁን ቀጠለ። ክልሉም ቦታውን የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። አዋጁ የወጣው ለጓሳ ሣር ተብሎ አይደለም። ግን ደንብ ሲነሳ ሌላ ደንብ ካልተተካ እንዲህ ይሆናል።

በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሴቶች የመጀመሪያዋ ኤሊኖር ኦስትሮም (እ.ኤ.አ. በ2009) ስታጠና የኖረችው ይህንኑ ነው። የስዊዘርላንድን የግጦሽ መሬት፣ የስፔንን መስኖ፣ የጃፓንን የመንደር ደን አይታለች። ለረጅም ዘመን የዘለቁት በጥቂት ነገር ይመሳሰላሉ። አባሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምርና ከፍ እያለ ይሄዳል። ጠብ ሲነሳ ደግሞ ቅርብ ዳኛ አለ። ይህን ሰምቶ እድርን የማያስታውስ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

ሌሎቹ መመዘኛዎች

ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ነው ወይስ በብር? አንዱ 2 ሚሊዮን ብር፣ ሌላው 20 ሺህ ብር ባዋጣበት ንግድ "አንድ ሰው አንድ ድምፅ" ብትሉ ባለ ሚሊዮኑ ይሸሻል። በውሃ ቦኖ ጉዳይ ድምፅ በብር ይቆጠር ብትሉ ደግሞ አቅም የሌለው ጎረቤት ሁለተኛ ስብሰባ አይመጣም።

ማኅበሩ በራሱ ስም መቆም ይችላል? ማለትም በስሙ ሒሳብ መክፈት፣ መኪና ማስመዝገብ፣ መክሰስና መከሰስ ይችላል ወይ? ካልቻለ ንብረቱ በአንድ ሰው ስም ይሆናል። ያ ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ ወይም ውጭ አገር ይሄዳል። ከዚያ ወራሽና ባለ ዕዳ ይመጣል።

የተረፈው ብር የማን ነው? ለአባላት ይከፋፈላል ወይስ አይነካም? ይህን ገና ሲጀመር ያልተነጋገረ ቡድን ብር ሲተርፍ ይጣላል። ሲከስር የሚጣላው እንኳን ያንን ያህል አይደለም።

መጨረሻው የወረቀት ሸክሙ ነው። ምዝገባ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ኦዲት፣ ግብር። ይህን ማን ይሠራዋል? ያለ ደመወዝ ለስንት ዓመት? ብዙ ማኅበር የሚዳከመው ታታሪው ጸሐፊ የደከመው ቀን ነው።

እቁብ

እቁብን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ዋሽንግተን ያለውም ቴል አቪቭ ያለውም ወገናችን ይዞት ሄዷል። ወረቀቱ ቀላል ነው። ማስፈራሪያው ደግሞ ዋስ ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ነጋዴዎች ጋ ቼክ ፈርሞ ማስያዝም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው መመዘኛ ጥሩ ውጤት ያገኛል።

ግን እቁብ የግለሰብ ቁጠባ ነው። ብሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እያንዳንዱ ኪስ ይገባል፤ በጋራ የሚቀር ነገር የለም። ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት አገር መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ለሌሎቹ ያለ ወለድ ያበደረ ያህል ነው። "በእቁብ ሚኒባስ እንግዛና የጋራ ይሁን" የሚል ሐሳብ ከመጣ እቁቡ ሲያበቃ ሚኒባሱ በማን ስም እንደሚሆን ጠይቁ። መልስ ከሌለ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

እድር

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው እድርን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ አድልዎ ካያችሁ ይቅር በሉኝ።

እድር ያልከፈለውን አይከስም። አያስፈልገውም። ለቀብር ያልመጣ ይቀጣል። ወርሃዊውን ያዘገየ መቀጫ ይጨመርበታል። ደጋግሞ ያጠፋ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። መጨረሻው መሰረዝ ነው። የመሰረዝ ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቤቱ ሐዘን ሲገባ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ሦስት ቀን አብሮት የሚቀመጥ አይኖርም። አዲስ ገቢ ደግሞ ከነባሩ እኩል ለመሆን የመግቢያ ይከፍላል። ስለዚህ "ስታመም እገባለሁ" ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ይህን ሁሉ የቀረጸው ጠበቃ አይደለም።

ታዲያ መንገዱን፣ ጥበቃውን፣ የቆሻሻውን ነገር ለእድር እንስጠው? እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእድር ኃይል ከቀብር ጋር የታሰረ ነው። ቀብር ሁሉንም እኩል ይመለከታል። መንገድ ግን ባለ መኪናውንና እግረኛውን እኩል አይመለከትም። "መኪና የለኝም፣ ለምን እከፍላለሁ?" የሚል ሰው አለ፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በዚህ ጠብ ምክንያት ሰው ከእድር ከተሰረዘ እድሩ ራሱ ይሰነጠቃል።

ታሪኩም ይህን ያሳያል። ከአብዮቱ በፊት ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው የሰፈር ልማት ውስጥ ገብተው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ መጣ፤ የሰፈሩ ጉዳይ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ እድር ወደ ቀብሩ ተመለሰ። በኤችአይቪ ዘመን ግን ቀብር በዛ። መዋጮው የሞቱትን መቅበር ሲያቅተው በርካታ እድሮች ደንባቸውን ቀይረው በሕይወት ያሉትን ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። የሠራው አባላቱ ራሳቸው ችግሩን በገዛ ሒሳብ ደብተራቸው ላይ ስላዩት ነው። ከላይ "እድራችሁ ለዚህ ፕሮጀክት ይህን ያህል ያዋጣ" ተብሎ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ወረዳ እድርን የመዋጮ መሰብሰቢያ ሲያደርገው ሰው በልቡ ይወጣል። ወርሃዊውን ይከፍላል፤ ስብሰባ ግን አይመጣም።

ሕጋዊ አቋሙም ልዩ ነው። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ እድርና እቁብን አይመለከትም። በአካባቢያችሁ ከተመዘገባችሁና መተዳደሪያ ደንብና ማኅተም ካላችሁ ባንክ ሒሳብ መክፈት ከባድ አይደለም። ያልተመዘገበ እድር ንብረት ግን በሰብሳቢው ስም ይቀመጣል። ድንኳንና ሳህን ከሆነ ችግር የለውም። ቤት ወይም መሬት ከሆነ ችግር አለው።

በነገራችን ላይ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ሳትመርጡት የተሰጣችሁ አማራጭ አለ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው የማኅበሩ አባል ነው። አባልነቱ ከቤቱ ጋር ይመጣል። በወረቀት ሲታይ ጠንካራ ነው። በተግባር ግን ባለቤቱ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ነው። አሳንሰሩ ሲበላሽ የሚቸገረው ተከራዩ፣ ድምፅ ያለው ባለቤቱ። የሚያዋጣው ተከራዮችን በስብሰባ ማሳተፍና የወር መዋጮ ማን እንደሚከፍል በኪራይ ውሉ ላይ ማስጻፍ ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር

አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች "ኅብረት ሥራ" ሲባል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ምክንያት አላቸው። በደርግ ጊዜ ገበሬው በአምራች ኅብረት ሥራ እንዲገባ ተገፍቷል፤ በሬውንና ማረሻውን ለማኅበር አስረክቧል። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ መውጣት ሲፈቀድ አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። ሰው በፈቃዱ ያልገባበት ማኅበር በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ያሁኑ ሌላ ነው። መጀመሪያ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ ቀጥሎ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 መግባትም መውጣትም በፈቃድ ሆኗል። ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ትገዛላችሁ፤ ግን የዕጣው ብዛት ድምፃችሁን አይጨምርም። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። አንድ አባል ብቻውን ብዙውን ዕጣ እንዳይዝም ጣሪያ አለ። ከትርፉ የተወሰነው ለመጠባበቂያ ይቀመጥና የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል። ማኅበሩ በስሙ ይቆማል፤ ዕዳው ወደ ቤታችሁ አይመጣም።

ሕግ ለአንድ አደረጃጀት በር ሲከፍት ምን እንደሚፈጠር በቡና እንየው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምርና የቡና ግብይት ወደዚያ እንዲገባ ሲደረግ፣ ዩኒየኖች ግን ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። የግል ነጋዴው ቡና ምርት ገበያ ገብቶ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ የዩኒየኑ ቡና ከየት ቀበሌ እንደመጣ ይታወቅ ነበር። የውጭ ገዢ ለዚያ ይከፍላል። ለብዙ ዓመታት ኅብረት ሥራ የነበረው ትልቁ ጥቅም ከዚህች የሕግ መስመር የመጣ ነው። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት ሕጉ ተሻሽሎ ለሌሎችም ቀጥታ መላክ ሲፈቀድ ብልጫው ጠበበ። አደረጃጀት ስትመርጡ "ዛሬ ሕጉ ምን ይሰጠኛል?" ብቻ አትበሉ። "ነገ ይህ ቢነሳስ ማኅበሩ በራሱ ይቆማል?" ብላችሁም ጠይቁ።

ከተማ ውስጥ ያለው ልምድ የተደባለቀ ነው። የሸማቾች ማኅበራትን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዘይትና በስኳር ሰልፍ ነው። አባል መሆኑን እንኳ የማያውቅ፣ ጉባኤ ተጠርቶ የማያውቅ ሸማች ሞልቷል። ይህ ማኅበር ሳይሆን ሱቅ ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉት የቁጠባና ብድር ማኅበራት ግን ብዙ ጊዜ ደህና ይሠራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መዋጮው ከደመወዝ ይቆረጣል። የመጀመሪያው መመዘኛችን በራሱ ተመለሰ ማለት ነው።

ወረቀቱ ቀላል አይደለም። የምሥረታ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሥራ ዕቅድ፣ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ ያስፈልጋል። ኦዲትም አለ። ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጋር መመላለስ አይቀርም። ዝቅተኛው የአባላት ቁጥር እንደ ማኅበሩ ዓይነት ስለሚለያይ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት

ሥራችሁ ለአባላት ጥቅም ሳይሆን ለሌላ ሰው ወይም ለሕዝብ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው። አምስት ሰው ከሆናችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ትርፍ ለአባል አይከፋፈልም፤ ድርጅቱ ቢፈርስም ንብረቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል እንጂ ወደ ቤት አይሄድም። የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዓመታዊ ሪፖርትና ኦዲት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይቀርባል።

አንድ የሕግ አንቀጽ የአገርን የማኅበር ሕይወት እንዴት እንደሚቀይር ማየት ለሚፈልግ ከዚህ ዘርፍ የተሻለ የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት፣ በዴሞክራሲ፣ በጾታ እኩልነት፣ በፍትሕና በመሳሰሉት ላይ መሥራት የሚችሉት "የኢትዮጵያ" የሚባሉ ድርጅቶች ብቻ እንዲሆኑ አደረገ። እነሱ ደግሞ ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። አንቀጹ የመብት ሥራን አልከለከለም። የገንዘቡን ቧንቧ ነው የዘጋው። ውጤቱ ግን ያው ሆነ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሠራተኛ ቀነሱ፣ ቅርንጫፍ ዘጉ። ሌሎች ብዙዎች ዓላማቸውን ቀይረው ወደ ልማት ሥራ ዞሩ። ጉድጓድ ቆፋሪው በዛ፤ "ውሃው ለምን አልደረሰም?" ብሎ የሚጠይቀው አነሰ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን አነሳው። ድርጅቶች በማንኛውም ሕጋዊ ሥራ እንዲሰማሩ፣ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል እንዲጠይቁ ተፈቀደ። ቢሆንም ይህ ዘርፍ ከሌሎቹ ይልቅ ለመንግሥት ዕይታ ቅርብ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቂት የመብት ድርጅቶች ታግደው እገዳው በኋላ የተነሳበትን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። በዚህ መስክ የምትገቡ ከሆነ ቃለ ጉባኤና ደረሰኝ ስትይዙ አትስነፉ።

ኩባንያ

ዓላማው ትርፍ ከሆነ ትርፍ መሆኑን ማመን ጥሩ ነው። የ2013ቱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን በ15,000 ብር ካፒታል ያስጀምራል፤ አባላቱ ከ50 አይበልጡም። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 መሥራቾችና 50,000 ብር ይፈልጋል። ድምፅ በድርሻ ነው። ያላዋጣ ድርሻ የለውም፤ በቃ። ሾልኮ የሚያመልጥ ሰው ጉዳይ እዚህ ቤት ብዙ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ትንሽ ድርሻ የያዘ ሰው ድምፁ አይሰማም፤ ድርሻውንም በቀላሉ ከማኅበሩ ውጭ ላለ ሰው ሸጦ መውጣት አይችልም። ሥራው ገቢ ባያስገባም ግብር ማሳወቅና ሒሳብ ሠራተኛ መክፈል አይቀርም። ከሕዝብ አክሲዮን እንሽጥ ካላችሁ ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ፤ እንደ ድሮው በጋዜጣ ማስታወቂያ አክሲዮን መሸጥ ቀርቷል። ደግ ነው ያስቀሩት። አክሲዮን ገዝቶ ወረቀቱን ብቻ ታቅፎ የቀረ ስንቱ ነው!

ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ከሆናችሁ በንግድ ሕጉ የእሽሙር ማኅበር የሚባልም አለ። አይመዘገብም፤ ግን በስሙም አይቆምም። ለአንድ አጭር ሥራ ይሆናል፤ ለመኪና አይሆንም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | እቁብ | እድር | ኅብረት ሥራ | ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት | ኩባንያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ያልከፈለ ምን ይሆናል? | ዋሱ ይጠየቃል | መቀጫ፣ በመጨረሻ መሰረዝ | ከደመወዝ ከተቆረጠ ጠንካራ፣ ካልሆነ ደካማ | በአብዛኛው ምንም | ድርሻ አያገኝም |
| ድምፅ | በስምምነት | በሰው | በሰው | በአባል | በድርሻ |
| በስሙ መቆም | አይችልም | ከተመዘገበ በከፊል | ይችላል | ይችላል | ይችላል |
| የተረፈ ብር | የየግል | የጋራ፣ አይከፋፈልም | መጠባበቂያ ተቀንሶ ለአባላት | ለዓላማው ብቻ | ለባለድርሻ |
| የወረቀት ሸክም | የለም ማለት ይቻላል | ቀላል | ከባድ | ከባድ | መካከለኛ፣ ግብር አለ |
| መንግሥት የሚያየው ዓይን | ሩቅ | መካከለኛ | ቅርብ | በጣም ቅርብ | የግብር ዓይን |

ለማን የትኛው?

*ብር የሌላቸው ጎረቤታሞች፣ የሰፈር ሥራ ያለባቸው።* አዲስ ማኅበር አታቋቁሙ። ያላችሁን እድር ተጠቀሙ፤ ግን የልማቱን ሣጥን ከቀብሩ ለዩት። ሌላ ደብተር፣ ሌላ ገንዘብ ያዥ፣ ሌላ ድምፅ። ለመንገዱ ያልከፈለ ሰው ከመንገዱ ጉዳይ ይቀጣ እንጂ ከቀብሩ አይሰረዝ። መዋጮውንም ባለ መኪናው ከፍ አድርጎ እንዲከፍል ከፋፍሉት። የግንባታ ፈቃድ የሚፈልግ ሥራ ከሆነ ወረዳውን ገና በዕቅድ ሳላችሁ አናግሩ፤ ጠጠሩ ከፈሰሰ በኋላ አይሆንም።

*ደመወዝተኞች።* ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ። ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ቀጣሪያችሁ ከደመወዝ ለመቁረጥ ፈቃደኛ ካልሆነ ግን እቁብ ይሻላችኋል።

*ሚኒባስ የሚገዙ አራት ጓደኛሞች።* የግል ማኅበር አውጡ፤ መኪናው በማኅበሩ ስም ይሁን። በአንዱ ስም አድርጎ "እንተማመናለን" ማለት ርካሽ ይመስላል። አንዱ ሲሞት ግን ሚስቱና ልጆቹ ስለ መተማመናችሁ የሚያውቁት ነገር የለም። የግድ በአንድ ሰው ስም ከሆነም ቢያንስ ድርሻችሁን የሚናገር ውል ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አጽድቁ።

*ገበሬዎችና አምራቾች።* ብዙ ሆናችሁ አንድ ዓይነት ምርት ከሸጣችሁ ኅብረት ሥራ፣ ከተቻለም በዩኒየን ሥር። ምርታችሁ የተለያየ ከሆነና ጥራታችሁ የሚራራቅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ጥሩ ያመረተው መጥፎ ካመረተው ጋር አንድ ዋጋ ሲከፈለው ጥሩውን ለነጋዴ ሸጦ መጥፎውን ለማኅበር ማስረከብ ይጀምራል። የመለኪያና የዋጋ ደንብ አስቀድማችሁ አውጡ።

*በውጭ ያሉ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ።* እዚህ ጋ ምክሬ ብዙ ሰው አያስደስትም። ድርጅት አታቋቁሙ። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ብላችሁ ለዘለዓለም ሪፖርትና ኦዲት ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። እዚህ የተመዘገበና ሥራውን የምታውቁት ድርጅት ፈልጉ፤ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ብሩን ሥራው በደረሰበት ልክ እየከፋፈላችሁ ልቀቁ። ሥራው በየዓመቱ የሚቀጥል ከሆነ ያኔ አሜሪካ ያላችሁ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ እስራኤል ያላችሁ አሙታ (እዚያ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር የሚጠራበት ስም ነው) አስመዝግባችሁ አገር ቤት ካለው አቻ ጋር ተያያዙ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያለ ፈቃድ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ በሕግ ያስቀጣል፤ በቴሌግራም ግሩፕ ቢሆንም።

*አንድ ሕግ ወይም መመሪያ እንዲቀየር የሚፈልጉ።* የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት። አቅም ካነሳችሁ ግን በሙያ ማኅበራችሁ በኩል ግቡ። ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች ቀድሞ የቆመ ቤት አላቸው። የአዲስ ማኅበር ደብዳቤ ስም ካለው የቆየ ማኅበር ደብዳቤ በኋላ ነው የሚነበበው።

ደንቡን ስትጽፉ

የትኛውንም ብትመርጡ የመተዳደሪያ ደንብ ትጽፋላችሁ። ብዙዎች የሌላ ማኅበር ደንብ ወስደው ስሙን ብቻ ይቀይራሉ። ቢያንስ ሦስት ቦታ የራሳችሁን ጻፉ።

አንደኛው ምልዓተ ጉባኤው ነው። "ከአባላት ሁለት ሦስተኛ ሲገኙ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ማኅበራችሁ አንድም ጉባኤ ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ ጥሪ ላይ በተገኙት ሰዎች መወሰን ይቻላል የሚል መስመር አስገቡ። ሁለተኛው የሥልጣን ዘመን ነው። ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ስንት ዓመት ያገለግላሉ፣ ደብተሩን ለማን በስንት ቀን ያስረክባሉ? ገንዘብ ያዡና ፈራሚው አንድ ሰው አይሁኑ። ሦስተኛው መፍረሻው ነው። ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይሄዳል፣ ማፍረሱንስ በስንት ድምፅ ትወስናላችሁ? ይህን አንቀጽ ብር ገና ሳይገባ ተነጋገሩበት። "አሁን ስለ መፍረስ ምን አስወራን?" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ሳትጽፉት አትፈርሙ።